ልጆች ሳይጽፉት የሚጻፍ ታሪክ፦ ዲጂታል አሻራን ለትንንሾች ስለማስተማር

በዚህ ዘመን የሚወለድ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ስሙ በመዝገብ ከመስፈሩ አስቀድሞ ምስሉ በበይነ መረብ ላይ ይወጣል። በማኅፀን ሳለ የተነሣው የአልትራሳውንድ ምስል፣ ከዚያም የተወለደበት ቀንና ሰዓት፣ ክብደቱ፣ የሆስፒታሉ ስም፣ ቀጥሎም የመጀመሪያ ልደቱና ትምህርት ቤት የገባበት ቀን እየተጨመሩ ፋይሉ ይወፍራል። የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ አንድ ልጅ 13 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወላጆቹ በአማካይ 1,300 ያህል የእርሱን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚለጥፉ ጠቅሷል። 13 ዓመት ደግሞ አብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ልጆች በራሳቸው ስም አካውንት እንዲከፍቱ የሚፈቅዱበት ዕድሜ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል በራሱ እጅ እስኪጽፍ ድረስ ሌሎች ስለ እርሱ የጻፉት ታሪክ ተከማችቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ስለ ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም ስለ አንድ ሰው በበይነ መረብና በመሣሪያዎች ላይ ተከማችቶ ስለሚቀረው መረጃ፣ ለልጆች የሚሰጠው የተለመደ ትምህርት ግን ይህን እውነታ ዘልሎ ያልፋል። «ከመለጠፍህ በፊት አስብ»፣ «አንዴ የወጣ ነገር ለዘላለም አይጠፋም»፣ «ነገ ቀጣሪህ ያየዋል» የሚሉት ምክሮች የተዘጋጁት አካውንት ላለውና በየቀኑ ለሚለጥፍ ወጣት ነው። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ቀጣሪ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ለዘላለም» ሲባልም ከሚቀጥለው ክረምት ብዙ አርቆ አይገምተውም። ይህን ምክር ለትንሽ ልጅ መደጋገም ትርጉሙ ያልገባውን ማስፈራሪያ ከማሸከም አያልፍም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከአሥር ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት በሁለት ልማዶች ላይ ቢያተኩር ይሻላል፤ አንደኛው ፈቃድ መጠየቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር ግራ ሲያጋባ ወይም ሲያስፈራ ሳይደብቁ መናገር ነው። ሁለቱም ልማዶች የሚሰርጹት ልጁ አዋቂዎች ሲያደርጉት ካየ ብቻ ነውና፣ የትምህርቱ ግማሽ ሸክም የሚወድቀው በወላጁና በመምህሩ ላይ ነው።

አሻራው ከምን ይሠራል?

ልጁ ራሱ የሚሰጠው መረጃ፣ ማለትም በጌም ውስጥ የመረጠው ስም፣ የጻፈው አስተያየት፣ የቀዳው ቪዲዮ፣ በትንሽነቱ ጥቂት ነው። ወላጅ፣ አክስት፣ መምህር ወይም የጓደኛው እናት የሚለጥፉት ከዚያ ይበልጣል። ከሁሉም የሚበዛውና ዓይን የማያየው ግን ማንም ሳይለጥፈው መሣሪያዎችና መተግበሪያዎች ራሳቸው የሚሰበስቡት ነው።

ከፎቶግራፍ እንጀምር። የስልክ ካሜራ የቦታ አገልግሎቱ ክፍት ከሆነ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የስልኩንም ሞዴል ጭምር በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። ትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ፎቶው ሲለጠፍ ይህን የተደበቀ መረጃ ለተመልካች ከሚታየው ቅጂ ላይ ያነሡታል። ፎቶው በኢሜይል ወይም እንደ ሰነድ ተያይዞ ሲላክ ግን መረጃው አብሮ ይጓዛል። የልጁ መኝታ ክፍል ውስጥ የተነሣ አንድ ፎቶ የቤቱን ትክክለኛ አድራሻ ተሸክሞ ሊዞር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ልጆች ቪዲዮ ሲያዩም እንዲሁ ነው። የአራት ዓመቷ ሕፃን በእናቷ ስልክ ካርቱን ስታይ፣ ምን እንዳየች፣ የቱን እንደደጋገመች፣ የቱ ላይ ሰልችቷት እንዳቆመች ይመዘገባል፤ ቀጥሎ የሚቀርብላት ቪዲዮም በዚያው መዝገብ ይመረጣል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልንና ዩቲዩብን 170 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ያደረጓቸው፣ ለሕፃናት ከተዘጋጁ ቻናሎች ተመልካቾች ላይ ያለ ወላጅ ፈቃድ መለያ መረጃ ሰብስበው ለማስታወቂያ ተጠቅመዋል በሚል ነበር። ኮሚሽኑ በ2023 ደግሞ አማዞን አሌክሳ በተባለው የድምፅ ረዳቱ አማካይነት የልጆችን የድምፅ ቅጂዎች ከሚገባው በላይ አቆይቷል፤ ወላጆች እንዲያጠፋ ሲጠይቁትም በአግባቡ አልፈጸመም በማለት ከሰሰው፤ ጉዳዩም በ25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተዘጋ።

መጫወቻዎችም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም። ቪቴክ የተባለው የሆንግ ኮንግ የልጆች መማሪያ መሣሪያዎች አምራች በ2015 በደረሰበት የመረጃ ዝርፊያ ከ6 ሚሊዮን በላይ የልጆች ፕሮፋይሎች ተጋልጠዋል። የጀርመን የፌዴራል ኔትወርክ ኤጀንሲ በ2017 «ማይ ፍሬንድ ካይላ» የተባለችውን ተናጋሪ አሻንጉሊት ከገበያ ያገደው፣ ድምፅ ቀድታ ሳይታወቅ ልታስተላልፍ የምትችል የተደበቀች መሰለያ ናት ብሎ ነው። አሻንጉሊቷን የገዙ ወላጆችም ጥቅም ላይ እንዳትውል እንዲያደርጓት ተነገራቸው። ልጅ ለአሻንጉሊቱ ለሰው የማይነግረውን ምስጢር ይነግራልና፣ ይህ ዓይነቱ አሻራ ከፎቶግራፍ የበለጠ የግል ነው።

ይህን ሁሉ ለትንሽ ልጅ ዘርዝሮ ማስረዳት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በዚህ ረገድ ያለው ኃላፊነት የአዋቂዎች ነው። ወላጁ መጫወቻው ከበይነ መረብ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ሳይገዛ በፊት ማጣራት፣ የካሜራውን የቦታ ፈቃድ መዝጋት፣ ማይክሮፎን የማያስፈልገው ጌም ማይክሮፎን ሲጠይቅ መከልከል ይችላል። ለልጁ የሚበቃው «ይህ መሣሪያ የምናደርገውን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውንም ለሠሩት ሰዎች ይነግራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል፤ ብዙዎቹም «ለምንድን ነው የሚነግራቸው?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከጥያቄም ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ «ሌላ ነገር ሊሸጡልን ስለሚፈልጉ» ተብሎ በቅንነት ቢመለስ መልካም ነው።

ልጁ ምን ይገባዋል?

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2004 እንደደመደመው፣ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑን ለመገንዘብ የሚያስችል አስተሳሰብ ገና አላዳበሩም፤ የሚነገራቸውንም እንደ እውነት ይቀበላሉ። ጌሙ መሃል ላይ ቆሞ «እሺ» የሚል ቁልፍ ሲያቀርብ የስድስት ዓመት ልጅ የሚያየው ጨዋታውን የዘጋ በር ነው፤ የሚከፍተውን ቁልፍ ይጫናል። ይህን ፈቃድ ብሎ መጥራት የሕግ ቀልድ ይመስላል። በዚህ ዕድሜ ሊሠራ የሚችለው ደንብ «አዲስ ነገር ብቅ ሲል ሳትጫን ጥራኝ» የሚለው ነው፤ ደንቡ እንዲሠራ ደግሞ የተጠራው አዋቂ ሳይነጫነጭ መምጣት አለበት። ሦስት ጊዜ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» የተባለ ልጅ አራተኛውን ራሱ ይጫናል።

ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጁ የሌላውን ሰው ሐሳብና ዓላማ መገመት ይበረታለታል። በዚህ ዕድሜ ጠቃሚ የሚሆነው መልመጃ አንድን ፎቶ እንደ መርማሪ ማንበብ ነው። ወላጁ ወይም መምህሩ አንድ ፎቶ አቅርቦ፣ ልጁን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ከዚህ ምስል ምን ሊያውቅ እንደሚችል እንዲዘረዝር ይጠይቀዋል። በደንብ ልብሱ ላይ ያለው አርማ የትምህርት ቤቱን ስም ይናገራል። ከበስተጀርባ የሚታየው የመንገድ ምልክት ሰፈሩን፣ በኬኩ ላይ ያለው ቁጥር ዕድሜውን፣ ከፎቶው በታች የተጻፈው «ዘወትር ማክሰኞ ልምምድ» የሚለው ቃል ደግሞ የሚገኝበትን ሰዓት ያመለክታል። ልጆች በዚህ ጨዋታ ከአዋቂዎች የበለጠ ዝርዝር ያገኛሉ፤ ራሳቸው ፈልገው ያገኙትን ነገር ደግሞ ከተነገራቸው ይልቅ አጥብቀው ይይዙታል። ሁለት ሦስት ተራ ፎቶዎች ሲደማመሩ ምን እንደሚናገሩ ካዩ በኋላ፣ አሻራ የሚባለው ነገር በአንድ አሳፋሪ ምስል ብቻ እንደማይሠራ ይረዳሉ።

13 የሚለው ቁጥር

13 ዓመት የሚለው ድንበር የመጣው ከአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት የበይነ መረብ ግላዊነት ጥበቃ ሕግ፣ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅን ፈቃድ ግዴታ አደረገ። ፈቃድ ማግኘትና ማረጋገጥ ወጪና ጣጣ ስላለው ብዙ ኩባንያዎች የመረጡት ቀላሉን መንገድ ነው፤ ከ13 በታች ያሉ ልጆች አይፈቀድላቸውም ብለው በደንባቸው ላይ ጻፉ። ከ2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ መነሻውን 16 ዓመት አድርጎ፣ አባል አገሮች እስከ 13 ድረስ ዝቅ እንዲያደርጉት ፈቀደ። አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 ባጸደቀችውና ከታኅሣሥ ወር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ለመያዝ ዝቅተኛውን ዕድሜ 16 አድርጋ፣ ሕጉን ለማስፈጸም ተገቢውን እርምጃ የማይወስዱ ኩባንያዎች እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጡ እንደሚችሉ ደነገገች።

የሕጎቹ ዓላማ በጎ ቢሆንም አንድ ያልታሰበ ክፍተት ፈጥረዋል። ደንቡ «ከ13 በታች የለም» ስለሚል ኩባንያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አንዳንዴ ወላጁም የስምንት ዓመቱ ልጅ እዚያ እንደሌለ ቆጥረው ይቀመጣሉ። ልጁ ግን የልደት ዓመቱን ለውጦ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜም ዓመቱን የለወጠለት ወላጁ ራሱ ነው። ጉዳቱ በዚያ ቀን አያልቅም። በስምንት ዓመቱ 13 ነኝ ብሎ የተመዘገበ ልጅ፣ በእውነት 13 ሲሞላው በኩባንያው መዝገብ 18 ይሆናል። ለታዳጊዎች ተብለው የተዘረጉት ጥበቃዎች፣ ለምሳሌ አካውንቱ ከመነሻው ዝግ (የተፈቀደለት ሰው ብቻ የሚያየው) መሆኑ፣ የማያውቁት አዋቂ መልእክት እንዳይልክ መከልከሉ፣ የአንዳንድ ማስታወቂያዎች መታገድ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ይነሡበታል። ለአዋቂ የሚቀርበው ይዘት ለእርሱም ይቀርባል። ወላጁ «ለጊዜው ነው» ብሎ የጻፈው የውሸት ዓመት ከልጁ አሻራ ሁሉ እጅግ ጎጂው ሊሆን ይችላል። ውሸቱን በልጁ ፊት መጻፍ ደግሞ ሌላ ትምህርት ያስተምራል፤ ደንቡ ሲያስቸግር መዋሸት ይቻላል የሚል።

ኩባንያዎቹ በመነሻ ቅንብራቸው፣ ማለትም ተጠቃሚው ምንም ሳይቀይር አገልግሎቱ በሚያገኘው አሠራር፣ የሚወስኑት ውሳኔ ከማንኛውም ምክር በላይ እንደሚከብድም መታየት አለበት። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በ2023 ቲክቶክን 345 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ የታዳጊዎች አካውንት ከመነሻው ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲዘጋጅ ማድረጉን ጨምሮ በርካታ ጥፋቶችን አግኝቶበት ነው። ኤፒክ ጌምስ በ2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በደረሰበት ስምምነት ፎርትናይት በተባለው ጌም ውስጥ የልጆችና የታዳጊዎች የድምፅና የጽሑፍ ንግግር ከመነሻው ዝግ እንዲሆን ተገደደ። ከ2021 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ የዕድሜ ተስማሚ ንድፍ ደንብም ልጆች የሚጠቀሙበት አገልግሎት መነሻ ቅንብሩ ከፍተኛውን ግላዊነት የሚሰጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ልጁን «ተጠንቀቅ» ከማለት በፊት ቅንብሩን ከፍቶ ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ፈቃድ የሚባለውን ነገር ማስለመድ

ወላጅ የልጁን ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ለልጁ አሳይቶ «ይህን ለአያትህ ልላክ? ለሌሎች ሰዎችስ ላሳይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይማራል። ምስሉ የእርሱ መሆኑን፣ ለአያት መላክና ለማያውቁት ሁሉ ማሳየት የተለያዩ መሆናቸውን፣ «አይሆንም» ማለትም እንደሚቻል ያውቃል። ዋናው ፈተና የሚመጣው ልጁ «አይሆንም» ሲል ነው። ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ወላጁ ሊተወው ይገባል፤ ተጠይቆ ያልተሰማ ልጅ፣ ጥያቄው ለይስሙላ መሆኑን ከመረዳት አልፎ ነገ የጓደኛውን ፎቶ ሲልክ ያንኑ ይደግመዋል። በአራት ዓመት መጠየቅ የሚጀምር ልማድ በአሥር ዓመቱ ልጁ ሳይታዘዝ «ላንሣህ? ልላከው?» ብሎ ጓደኛውን እንዲጠይቅ ያደርገዋል። የክፍል ጓደኛን አሳፋሪ ቪዲዮ በቡድን መልእክት ማሰራጨትን ለመከላከል፣ ስለ ጉልበተኝነት ከሚሰጥ የአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይህ ልማድ ብዙ ይሠራል።

ሕግም ወደዚህ አቅጣጫ መሄድ ጀምሯል። ፈረንሳይ በየካቲት ወር 2024 ባወጣችው ሕግ ወላጆች የልጃቸውን የምስል መብት በጋራ እንዲጠብቁና በዕድሜውና በብስለቱ መጠን ልጁን እንዲያሳትፉ ደንግጋለች። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 16 ልጅ በግል ሕይወቱ ላይ ከሚደርስ ሕገ ወጥ ጣልቃ ገብነት እንዲጠበቅ ሲደነግግ በ1989 ነበር፤ የስምምነቱ ኮሚቴ በ2021 ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ ደግሞ መብቱ በዲጂታሉ ዓለምም እንደሚሠራ ግልጽ አድርጓል። በማብራሪያው ውስጥ የልጅ ግላዊነት በመንግሥትና በኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን በቤተሰብ አባላትም ሊጣስ እንደሚችል መጠቆሙ ብዙ ወላጆችን ያስገርም ይሆናል።

ማንም ያያቸዋል ተብለው የማይገመቱ የቤተሰብ ፎቶዎች ወዴት እንደሚሄዱ ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ በ2024 ወጥቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ከድረ ገጾች በተሰበሰበ ላይዮን-5ቢ በተባለ ግዙፍ የምስል ስብስብ ውስጥ፣ ጥቂት ክፍሉን ብቻ ፈትሾ የብራዚልና የአውስትራሊያ ልጆች ፎቶዎችን አገኘ። ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ ለቤተሰብና ለወዳጅ ተብለው የተለጠፉና በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይገኙ ነበሩ፤ የልጁን ስም ይዘው የተገኙም አሉ። የስብስቡ ባለቤቶች የተጠቆሙትን እንደሚያስወግዱ ቢገልጹም፣ ቀድሞ የሠለጠነ ሥርዓት የተማረውን እንዲረሳ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ተራ የሆነ የልጅ ፊት ዛሬ ሐሰተኛ ምስል ለመፍጠር ጥሬ ዕቃ መሆን ስለቻለ፣ «ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም» የሚለው የቀድሞ መመዘኛ ብቻውን አይበቃም።

«ከማታውቀው ሰው ጋር አትነጋገር» ለምን አይሠራም?

ይህ ምክር በመንገድ ላይ ትርጉም አለው። በጌም ውስጥ ግን ለሁለት ሳምንት በአንድ ቡድን አብሮት የተጫወተ፣ ሲሸነፍ ያጽናናው፣ የጌም ሳንቲም የሰጠው ሰው ለልጁ ጓደኛው ነው፤ «የማታውቀው ሰው» ሲባል ፈጽሞ ያ ሰው አይታሰበውም። በልጆች ላይ የሚያደቡ ሰዎች ደግሞ የሚሠሩት ልክ በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ መታወቅን፣ ቀጥሎ መወደድን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ልጁ መለየት ያለበት ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚጠይቅ ነው። «ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» የሚል፣ ከጌሙ ወጥተው በሌላ የግል መተግበሪያ እንዲያወሩ የሚገፋፋ፣ ያለ ምክንያት ስጦታ የሚሰጥ፣ ወላጆቹ አጠገቡ መኖራቸውን የሚጠይቅ፣ ፎቶ የሚለምን ወይም እምቢ ሲባል የሚያስፈራራ ማንም ቢሆን፣ ልጅም ነኝ ቢል፣ ለአዋቂ የሚነገርበት ሰው ነው። እነዚህን ነገሮች የሰባት ዓመት ልጅ በሚገባ ይለያቸዋል።

መለየት ግን መናገርን አያስከትልም። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው ከሚደብቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ስልኩን ወይም ጌሙን እንዳይነጠቁ መፍራት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም፤ ብዙ ወላጅ በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው መሣሪያውን መንጠቅ ነውና። ከልጁ አንጻር ሲታይ ይህ የተናገረ ይቀጣል ማለት ነው። ነገሩ ከመድረሱ በፊት «በስክሪን ላይ ያስፈራህን ወይም ያሳፈረህን ነገር ከነገርከኝ፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር እንኳ፣ አልቆጣህም፤ ስልኩንም አልወስድብህም» ብሎ ቃል መግባት ያስፈልጋል። ቃሉ የሚፈተነው በትንሽ ነገር ነው። ልጁ በስህተት ጌም ውስጥ ገንዘብ አውጥቶ ሲናገር ወላጁ የሚሰጠው ምላሽ፣ ነገ ትልቁን ነገር ይናገር እንደሆነ ይወስናል።

«ለዘላለም አይጠፋም» የሚለው ትምህርት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ይህን ሲሰማ ያደገ ልጅ ፎቶው ተሰርቆ ወይም ተታልሎ ልኮት ሰው ሲያስፈራራበት፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ «አለቀልኝ» የሚል ይሆናል። አስፈራሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ተስፋ መቁረጥ ነው። እውነታው ግን ከዚህ የተሻለ ነው። ቅጂ የሚቀርበት ዕድል ቢኖርም ብዙ ነገር ሊወርድ ይችላል፤ ፈጥኖ ከተነገረም የመውረድ ዕድሉ ከፍ ይላል። የአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሡ እርቃን ምስሎቻቸው እንዳይሰራጩ የሚፈልጉ ሰዎች በአገልግሎቱ ሲጠቀሙ፣ ምስሉ ከስልካቸው ሳይወጣ የቁጥር መለያ ብቻ ይሠራለታል፤ በአገልግሎቱ የተሳተፉ ኩባንያዎችም በዚያ መለያ ምስሉን ፈልገው ያወርዳሉ። ልጁ ዝርዝሩን ማወቅ የለበትም፤ ማወቅ ያለበት መፍትሔ መኖሩን ነው። አዋቂው ደግሞ መልእክቶቹን ከማጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት አንሥቶ ማስቀመጥ፣ ገንዘብ አለመክፈል፣ ሰውየውን ብሎክ ማድረግና ለኩባንያውም ለፖሊስም ማመልከት እንዳለበት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

የማጥፋት መብትም በሕግ እየሰፋ ነው። የአውሮፓው ደንብ አንቀጽ 17 ሰው የግል መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መብቱም በልጅነት አደጋውን ሳያውቁ ለሰጡት ፈቃድ በተለይ እንደሚያገለግል በደንቡ መግቢያ ላይ ተመልክቷል። ከ2015 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ራሳቸው የለጠፉትን እንዲያነሡ ይፈቅዳል፤ ሌላ ሰው ስለ እነርሱ የለጠፈውን ግን አይነካም። የትንንሾቹ አሻራ በአብዛኛው ሌላው የለጠፈው ስለሆነ፣ ይህ ሕግ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማቸውን በር ዝግ አድርጎ ትቶታል።

ስለ ክትትልና ስለ ትምህርት ቤት

አንዳንድ ወላጆች መልሱን የልጁን እያንዳንዱን መልእክትና እንቅስቃሴ በድብቅ በሚከታተሉ መተግበሪያዎች ይፈልጋሉ። ለትንሽ ልጅ የተመረጡ ይዘቶችን ብቻ መክፈትና ከጎኑ ተቀምጦ አብሮ ማየት ተገቢ ነው፤ ልጁ የሚያውቀው ገደብም ችግር የለውም። በድብቅ መከታተል ግን የተለየ ነገር ነው። ልጁ የደረሰበት ዕለት መታመን በሁለቱም ወገን ይፈርሳል፤ ቀጣዩ እርምጃውም ወላጁ የማያውቀው ሌላ አካውንት መክፈት ነው። የክትትል መተግበሪያው ራሱ የልጁን ቦታና መልእክት በሦስተኛ ወገን ሰርቨር ላይ የሚያከማች ኩባንያ መሆኑም አይዘነጋ፤ አሻራውን እጠብቃለሁ የሚል ወላጅ በገንዘቡ አዲስ አሻራ እየገዛ ነው።

ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው ትምህርቱን በዓመት አንድ ጊዜ በእንግዳ ተናጋሪ ሰጥተው ማለፍ ይቀናቸዋል። የሚሻለው በየትምህርቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ልጆች በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ስለ ራሳቸው የሚጽፉትን ጽሑፍ አድራሻና ሙሉ ስም ሳይገልጹ እንዲጽፉ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አጭርና ረጅም የይለፍ ቃል ስንት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል እንዲያሰሉ ማድረግ ይቻላል። አራት የማይገናኙ ቃላትን ደርድሮ የሚሠራ የይለፍ ቃል ልጅ በቀላሉ የሚያስታውሰው፣ ሌላው ግን ለመገመት የሚቸገርበት ነው፤ ልጆችም አስቂኝ ቃላት መምረጥ ያስደስታቸዋል። በዚህ ዕድሜ የይለፍ ቃልን ለጓደኛ መንገር የመዋደድ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ «ለወላጅህ እንጂ ለጓደኛህ አይነገርም» የሚለው ደንብ ምክንያቱ ተብራርቶ መደጋገም አለበት። ትምህርት ቤቱም በዓመቱ መጀመሪያ ወላጁ አንዴ በፈረመው ቅጽ ተማምኖ የክፍሉን ፎቶ ከነስም ዝርዝሩ ለሁሉም በተከፈተ ገጽ ላይ ከለጠፈ፣ በክፍል ውስጥ የሚያስተምረውን በቢሮው እያፈረሰ ነው።

ልጁ የራሱን አካውንት የሚከፍትበት ዕድሜ ሲደርስ ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አለ። የልደት ዓመቱ ትክክለኛው ይሁን፤ ቀድሞ በውሸት ዕድሜ የተከፈተ አካውንት ካለም ይታረም፣ ካልታረመ ይዘጋ። አካውንቱ ዝግ መሆኑ፣ ማን መልእክት ሊልክለት እንደሚችል፣ የቦታ አገልግሎቱ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ) በዚያው ሰዓት ይታዩ። ከዚያ የልጁ ሙሉ ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ገብቶ በመፈለጊያ ድረ ገጾች ይፈለግ፤ የሚወጣው ውጤት የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አንድ በአንድ ይለይ። ቀጥሎ የወላጁ ገጽ ይከፈትና ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተለጠፉትን ፎቶዎች አይቶ የትኛው እንዲቆይ፣ የትኛው እንዲወርድ ይምረጥ። አክስትና አጎት ዘንድ ያሉትንም እንዲያወርዱ ደውሎ የመጠየቁ ሥራ የወላጁ ነው፤ አንዳንዶቹ ቅር ቢሰኙም።